መልካ ፍለጋ፦ በዓባይ ዳር ወፍ ለማየት የት ልቁም?

«ምን ጠፋህ ልጄ?» አሉኝ።

ባይኖኩላር ደረቴ ላይ አንጠልጥዬ፣ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ጭቃ ውስጥ ገብቼ፣ ደንገሉን በዓይኔ ስበረብር ነበር። ሽማግሌው ሁለት በሬ እየነዱ ውኃ ሊያጠጡ ወርደዋል። ወፍ እያየሁ ነው ብላቸው እብድ እንዳይሉኝ ፈራሁ። ግን ሌላ የምለው አልነበረኝም።

«ወፍ ነው አባባ» አልኳቸው።

ትንሽ ዝም አሉ። «ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ? ወፉ ያለው ከመልካው ነው» ብለው በዱላቸው ወደ ታች አመለከቱኝ። ተከተልኳቸው። ሦስት መቶ ሜትር እንኳን አልሄድንም። በዚያ ጠዋት ከመልካው ያየሁት ወፍ ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለት ወራት ካየሁት ይበልጣል።

ባሕር ዳር ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። ዓባይን በየቀኑ በታክሲ መስኮት እያየሁ ነው ያደግሁት። ወፍ ማየት ከጀመርኩ ግን ገና ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ቢሮ ነኝ፣ ስለዚህ ያለኝ ቅዳሜና እሑድ ጠዋት ብቻ ነው። ከዚያ ላይ አንዱን ጠዋት ቀሽም ቦታ ላይ ማባከን ያናድዳል። ብዙ አባክኛለሁ። ይህን የምጽፈው አዲስ ጀማሪ እንደ እኔ ሁለት ዓመት እንዳይፈጅበት ነው።

የመጀመሪያው ስህተቴ ውኃው ሰፍቶ የሚታይበትን ቦታ መፈለጌ ነበር። ፎቶ ለመነሳት የሚያምር ቦታ ሁሉ ለወፍ የሚያምር ይመስለኝ ነበር። አይደለም። ወንዙ ሲሰፋ ወፉ ማዶ ይሆናል፣ ማዶ ያለ ወፍ ደግሞ ነጥብ ነው። ባይኖኩላር ቢኖርም ነጥቡ ትንሽ ከፍ ያለ ነጥብ ይሆናል እንጂ ወፍ አይሆንም።

መልካ ግን ሌላ ነው። ሰው የሚሻገርበት፣ ከብት የሚጠጣበት፣ ልብስ የሚታጠብበት ቦታ ነው። ከብቶቹ ሣሩንና ደንገሉን ረግጠው ዳሩን ክፍት ያደርጉታል። ጭቃው ይገለበጣል፣ ትሉና ነፍሳቱ ይወጣል። ሳቢሳ ከበሬው እግር ሥር አይጠፋም፣ በሬው በተራመደ ቁጥር የሚዘል ፌንጣ አለና። ደንገሉ የተቆረጠበት ጫፍ ላይ ያቺ ጥቁርና ነጭ ዓሣ አጥማጅ ትቀመጣለች። ተነስታ አየር ላይ አንድ ቦታ ቆማ ክንፏን ታርገበግባለች፣ ከዚያ እንደ ድንጋይ ውኃው ውስጥ ትወድቃለች። ሌላዋ፣ ከአውራ ጣት እምብዛም የማትበልጥ የምትመስለው ሰማያዊዋ፣ ዝቅ ብላ ከደንገሉ ጥላ ሥር ናት። እሷን ለማየት ዝም ብሎ መቀመጥ ይፈልጋል።

ሌላው የመልካ ጥቅም ወፎቹ ሰው መልመዳቸው ነው። ሰው በማይረግጠው ዳር ገና በሃምሳ ሜትር ይነሳሉ። መልካ ላይ ግን ልብስ የምታጥብ ሴት ጎን ለጎን ጭንቅላቱ መዶሻ የሚመስለው ወፍ፣ ያ ቡናማው፣ እንቁራሪት ሲፈልግ አይቻለሁ። የእሱን ጎጆ ካላያችሁ አንድ ቀን እዩት። ዛፍ ቅርንጫፍ መሃል ላይ የተከመረ የጭራሮ ክምር ነው፣ ሰው ቢቀመጥበት የሚችል ይመስላል።

መንገዱም የሕዝብ ነው። መልካ የሚወርድ ሰው «ወዴት ነህ?» ተብሎ በር ላይ አይያዝም። ግን እዚህ ላይ ቆም ልበል፣ ምክንያቱም ከወፉ በላይ ያስቸገረኝ ይህ ነው።

መልካ ላይ ሴቶች ልብስ ያጥባሉ፣ ሰውነታቸውንም ይታጠባሉ። እኔ አንድ ቀን ከላይ ቆሜ፣ ማንንም ሳላናግር፣ ባይኖኩላሬን ወደ ታች አዞርኩ። እያየሁ የነበረው ቅጠል ላይ የምትራመደዋን ረጅም ጣት ወፍ ነበር። እነሱ ግን ወፏን አላዩም፣ እኔን ነው ያዩት። አንዲት እናት ድንጋይ አንስተው «አንተ ባለጌ!» ሲሉኝ ነው የገባኝ። እውነታቸውን ነው። እኔም ብሆን እንደዚያ ነበር የማስበው። በዚያ ቀን ሼም ይዞኝ ቤቴ ገባሁ።

ከዚያ በኋላ አንድ ልማድ አለኝ። ባይኖኩላሩ ቦርሳ ውስጥ ሆኖ እወርዳለሁ። «እንደምን አደራችሁ» እላለሁ። የምፈልገውን እነግራቸዋለሁ። የሚታጠብ ሰው ካለ ተመልሼ ቁጭ እላለሁ ወይም ሌላ ቦታ እሄዳለሁ። ካልሆነ ባይኖኩላሩን አውጥቼ መጀመሪያ ለእነሱ እሰጣለሁ። ይህ ሁሉንም ነገር ይቀይራል። ልጆች ካሉ በቃ፣ ቀኑ የእነሱ ነው። «ማየት አልቻልኩም!» «ዞር በል እኔ ልይ!» ይሆናል። ግን ደግሞ አሥር ዓይን ታገኛላችሁ። ጥቁሯን፣ ቢጫ መንቁሯን የደንገል ሥር ወፍ መጀመሪያ ያሳየኝ የስምንት ዓመት እረኛ ነው። እኔ ብቻዬን ዓመት ብቆም አላያትም ነበር፣ ከደንገሉ ብቅ የምትለው ለአፍታ ነው።

ሁለተኛው ችግር ጫት ነው። ከከተማው ወጣ ሲሉ የዓባይ ዳር ብዙ ቦታ በጫትና በሽንኩርት ተይዟል፣ የውኃ ፓምፑ ድምፅ ከሩቅ ይሰማል። ጫት ማሳ አጠገብ በማለዳ ቦርሳ ይዞ የሚያደባ ሰው ምን ይመስላል? ሌባ። አንድ ጠባቂ ከነውሻው እስከ ዋናው መንገድ አባሮኛል። ጫማዬ አንዱ እዚያው ቀርቶ ነበር። በማግስቱ ተመልሼ ሄድኩ፣ ከፊት ለፊት፣ በመንገዱ፣ ሰላምታ እየጮኹ። ጫማዬን አውጥቶ ሰጠኝ። ቁጭ ብለን አወራን። ባይኖኩላሩን ሰጥቼው ማዶ ያለውን ዛፍ አየ። ዛፉ ላይ የዓሣ ንስር ነበር፣ ያ ራሱና ደረቱ ነጭ የሆነው፣ ወደ ኋላ ቀና ብሎ የሚጮኸው። «ይሄንን በየቀኑ እሰማዋለሁ፣ ፊቱን ግን አይቼው አላውቅም» አለ። ከዚያ ወዲህ በማሳው ዳር ለማለፍ የማንንም ፈቃድ አልጠይቅም፣ የውሻውን ብቻ እንጂ።

አሁን ስለ ብርሃን። ይህን ማንም አልነገረኝም፣ በብዙ ጥቁር ጥቁር ወፍ ነው የተማርኩት። ዓባይ ከጣና ወጥቶ ከተማውን ሲያቋርጥ በግምት ወደ ደቡብ ነው የሚወርደው። መሃል ከተማው በስተ ምዕራብ በኩል ነው። ስለዚህ ጠዋት ከከተማው በኩል ቆማችሁ ወንዙን ስታዩ ፀሐይ ፊታችሁ ላይ ናት። ወፉ ሁሉ ጥላ ይሆናል፣ ቀለሙ አይታይም። ጠዋት ከሆነ ድልድዩን ተሻግራችሁ፣ በጎንደር መውጫ በኩል ካለው ዳር ሁኑ። ፀሐይዋ ከጀርባችሁ ትሆናለች። ከሰዓት በኋላ ከሆነ በከተማው በኩል ቁሙ። እኔ ይህን እስክረዳ ድረስ አንዲት ወፍ ለአንድ ዓመት ያህል «ጥቁሯ ወፍ» ብዬ በደብተሬ መዝግቤያታለሁ። አረንጓዴ ነበረች።

ድልድዩን ስል፣ ድልድይ ላይ ቆሞ ወፍ ማየት ይቅርባችሁ። አዲሱ ድልድይ በ2016 ዓ.ም. ሲመረቅ «አሁን ሰፊ የእግረኛ መንገድ አለን» ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። 380 ሜትር ርዝመት ያለው ነው፣ ከላይ ሲያዩት ውኃው ያጓጓል። ግን ድልድይ ድልድይ ነው። በአገራችን ድልድይ ላይ ቆሞ በባይኖኩላር የሚቃኝ ሰው ይጠየቃል፣ መጠየቁም አይገርምም። እኔ አንድ ድልድይ ላይ ተይዤ የወፍ መጽሐፌን ገጽ በገጽ እየገለጥኩ አስረድቻለሁ። ጥበቃው ጨዋ ሰው ነበር፣ ግን ጠዋቱ ሄደ። ከድልድዩ እየተራመዳችሁ በዓይናችሁ እዩ፣ ጉማሬም ብታዩ እዩ፣ ግን አትቁሙ፣ ባይኖኩላር አታውጡ።

እንግዳ የሆነ ሰው ጊዜ ከሌለው ቀላሉ ነገር ሐይቁ ዳር ካሉት የአትክልት ሥፍራ ያላቸው መዝናኛዎች አንዱ ውስጥ ገብቶ መቀመጥ ነው። መግቢያው የአንድ ማኪያቶ ዋጋ ነው። ትልልቅ ሾላና ዋርካ ዛፎች አሏቸው። ሾላው ሲያፈራ ያ ግዙፍ መንቁር ያለው፣ ጥቁርና ነጭ ወፍ በቡድን ይመጣል። ሲጮህ የአህያ ዓይነት ድምፅ አለው፣ ክንፉ ሲበር ይሰማል። እነዚያ አረንጓዴ ትንንሽ በቀቀኖችም አሉ፣ ወንዱ ግንባሩ ቀይ ነው። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ በዱር አይገኙም። ሰው ግን ቁርስ እየበላ ከአናቱ በላይ ማን እንዳለ አያውቅም። እኔ ራሴ ስንት ዓመት አላወቅሁም።

ወንዙ ከሐይቁ የሚወጣበትን ቦታ በእግር መድረስ ያስቸግራል፣ ደንገልና ረግረግ ነው። በጀልባ ነው የሚሻለው። ጀልባ ስትከራዩ ሁለት ነገር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። አንደኛ ዋጋውን፣ ለሰው ወይስ ለጀልባው እንደሆነ ለይታችሁ። ሁለተኛ፣ ደንገሉ ጋ ስትደርሱ ሞተር እንዲጠፋ። ጀልባ ነጂዎቹ ቱሪስት ጉማሬ ማየት እንደሚፈልግ ያውቃሉና ወደ ጉማሬው ይነዳሉ። «ወንድሜ፣ ጉማሬው ይቅርብኝ፣ ደንገሉ ዳር አቁምልኝ» ስላቸው መጀመሪያ ይገርማቸዋል። ሞተሩ ሲጠፋ ደንገሉ ውስጥ ያለው ጫጫታ ሁሉ ይጀምራል። አንዳንዴ እዚያው አቅራቢያ ወዳለችው ደብረ ማርያም ደሴት እሻገራለሁ። የቤተ ክርስቲያን ዛፎች ስለሆኑ ማንም አይቆርጣቸውም። በነገራችን ላይ በወንዙ ዳርም ቢሆን ትልልቅ አገር በቀል ዛፍ የቀረው ብዙ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነው። ገበዙን ወይም አንዱን አባት አስፈቅዱ፣ ባይኖኩላሩንም ምን እንደሆነ አሳዩ። በቅዳሴ ሰዓት ግን አይሆንም።

ቤዛዊት ኮረብታ ላይ የምወጣው ወፍ ለማየት ብቻ አይደለም። መንገድ ለማየት ነው። ከላይ ሆናችሁ ዓባይን ስትከተሉት፣ ከማሳዎቹ መሃል ቀጫጭን የእግር መንገዶች ወደ ውኃው ሲወርዱ ታያላችሁ። እያንዳንዱ መንገድ መጨረሻው ላይ መልካ አለ። በስልክ ላይ ያለው የሳተላይት ካርታም ይህን ያሳያል፣ ግን ካርታው አጥር አያሳይም፣ ውሻ አያሳይም። እኔ ቅዳሜ ከኮረብታው ላይ አይቼ እሑድ በእግሬ እወርዳለሁ። ከረፋዱ በኋላ መሬቱ ሲሞቅ ጆፌ አሞራና ጭልፊት ሞቃቱን አየር ይዘው ሲወጡ ከዓይን ትይዩ ታገኟቸዋላችሁ፣ ከሥር ሆኖ አንገት መስበር የለም። አናት ላይ ያለውን የድሮውን ቤተ መንግሥት ግን ፎቶ አታንሱ።

ጢስ ዓባይ ለብቻው ይወራ። ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ከመናኸሪያ መኪና አለ። ሰው ሁሉ መጀመሪያ ወደ ድሮው የድንጋይ ድልድይ ይወርዳል፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው ማለቴ ነው፣ ከዚያ ኮረብታውን ወጥቶ ፏፏቴውን ያያል፣ በተንጠልጣዩ ድልድይ አልፎ በመጨረሻ ከፏፏቴው በላይ በጀልባ ተሻግሮ ይመለሳል። እኔ ተገላቢጦሹን ነው የምሄደው። ጠዋት መጀመሪያ ወደ ጀልባው መሻገሪያ። እዚያ ጋ ወንዙ ፀጥ ያለ ነው፣ ዳሩ ዛፍ ነው፣ በዚያ ሰዓት ገበያተኛና ተማሪ እንጂ ጎብኚ የለም። መሻገሪያ ማለት መልካ ማለት ነው፣ የሽማግሌው ምክር እዚህም ይሠራል። ረጅም ጭራ ያለውን ቀይ ዝንብ አዳኝ ወፍ መጀመሪያ ያየሁት ጀልባ ስጠብቅ ነው። ጭራው ከሰውነቱ ሁለት እጥፍ ይረዝማል፣ ሲበር ሪባን የሚጎትት ይመስላል።

ፏፏቴው በበጋ ቀጥኖ ሲያዩት ጎብኚዎች ያዝናሉ። ውኃው ለኤሌክትሪክ ይጠለፋል፣ በ2002 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ጣና በለስም ከሐይቁ ይወስዳል። እውነቱን ለመናገር እኔም እንደ ባሕር ዳር ልጅ አዝናለሁ። እንደ ወፍ አሳዳጅ ግን ሌላ ነገር አያለሁ፦ ውኃው ሲቀንስ ዓለቱ ይወጣል፣ ዓለቱ ላይ ጭራቸውን የሚወዘውዙት ትንንሾቹ ይመጣሉ፣ ከነሱም ገሚሱ ከአውሮፓ የመጡ እንግዶች ናቸው። ለፏፏቴው የሚሆነው ወር ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ነው። ለወፍ ግን ከጥቅምት አጋማሽ እስከ የካቲት ይበልጣል። ሣሩ ገና አልደረቀም፣ መንገዱ ደርቋል፣ የሰሜን አገር ወፎች ገብተዋል። ክረምት ላይ ግን መልካዎቹ ራሳቸው ይሰጥማሉ። ሐምሌ ላይ የማውቀውን መልካ ፍለጋ ሄጄ ቡናማ ጎርፍ ብቻ አግኝቻለሁ። ክረምት ጥሩ የሚሆነው ለሸማኔ ወፎች ነው፣ ውኃ ላይ የተንጠለጠለ ቅርንጫፍ ላይ ጎጇቸውን ሲሠሩ፣ ሚስት መጥታ ካልወደደችው አፍርሶ እንደገና ሲጀምር።

የምይዘው ነገር ትንሽ ነው። 8 በ42 የሆነ ባይኖኩላር፣ ማለትም ስምንት ጊዜ የሚያጎላ፣ የፊት መስታወቱ 42 ሚሊ ሜትር የሆነ። ከዚያ በላይ የሚያጎላው እጅ ሲንቀጠቀጥ ምስሉም ይንቀጠቀጣል። ደብተር፣ ውኃ፣ ዳቦ። ልብሴ ቡናማ ወይም አረንጓዴ ነው፣ ግን ወታደር የሚያስመስል ልብስ ፈጽሞ አትልበሱ። ስልኬ ላይ ሜርሊን የሚባለው ወፍ የሚለይ መተግበሪያ አለ፣ ከቤት አውርዳችሁ ሂዱ፣ ወንዝ ዳር ኔትወርክ መጥራት ዘበት ነው። ከከተማ ከመውጣታችሁ በፊት ደግሞ መንገዱ ሰላም መሆኑን እዚያው አካባቢ የሚኖር ሰው ጠይቁ። ከሩቅ የሚሰማው ወሬና መሬት ላይ ያለው ነገር በሁለቱም በኩል ሊለያይ ይችላል። እህቴ ብቻዋን አትወርድም፣ ከእኔ ወይም ከጓደኛዋ ጋር ነው፣ እኔም ቢሆን ሁለት ሆኖ መሄድን እመርጣለሁ።

ውኃው ውስጥ አትግቡ። ቢልሃርዚያ አለ፣ የኔ የመጀመሪያ ቀን ጭቃ ጀግንነት አልነበረም፣ አለማወቅ ነው። ጉማሬ ደግሞ ማታ ሣር ሊግጥ ይወጣል፣ ጎህ ሲቀድ ይመለሳል። ስለዚህ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል በፊት ዳሩ ላይ አልደርስም። ደንገሉ መሃል እንደ ዋሻ የተከፈተ ሰፊ መንገድ ካያችሁ የሰው መንገድ አይደለም፣ የጉማሬ ነው። እሱ ላይ አትቁሙ፣ በእሱና በውኃው መሃል ደግሞ በፍጹም። ገበሬዎቹ የት እንዳደረ ያውቃሉ፣ ጠይቁ። አንዳንዴ ድንገት ደንገሉ ሲንኮሻኮሽ ልባችሁ ይወርድና አርጃኖ ሆኖ ይገኛል፣ ያም ቢሆን መደንገጡ አይቀርም።

ባለፈው ጥቅምት የጫት ጠባቂው ደወለልኝ። ረቡዕ ነበር፣ ስብሰባ ላይ ነኝ። ወጥቼ አነሳሁት። «ያ ራሰ ነጩ ጭራሮ እየተሸከመ ነው፣ ከማዶው ዛፍ ላይ፣ ቶሎ ና» አለኝ። እስከ ቅዳሜ መጠበቅ ነበረብኝ። ቅዳሜ ስደርስ ጎጆው ግማሽ ሆኗል። ጠባቂው ቀድሞኝ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ ከየት እንዳመጣት እንጃ፣ አንድ መስታወቷ የተሰነጠቀ አሮጌ ባይኖኩላር ይዞ እያየ ነበር። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ውሻው ግን እስከዛሬ አያውቀኝም፣ ያን ቀንም ሁለቱንም ጫማዬን አጥብቄ አስሬ ነው የወረድኩት።